ማር ቀማሹና ሁለቱ መጉመጥመጫዎች

«አንድ ሰው ነበረ፤ እንጀራው ማር መቅመስ የሆነ።»

እንዲህ ብለው የጀመሩት መሪጌታ ሐዲስ ናቸው። ከፊታቸው የተቀመጠችው ጥሩአየሁ የምትባል ወጣት ሴት ናት። ከታላቅ ወንድሟ ጋር ከተኮራረፈች ከርማለች። ወደ እሳቸው የመጣችው አንድ ጥያቄ ይዛ ነው። «የኔታ፣ ከወንድሜ ጋር እንድንታረቅ የአገር ሽማግሌ ልላክበት ወይስ የንስሐ አባታችን እንዲገቡበት ላድርግ? ያልጠየቅሁት ሰው የለም። ግማሹ ሽማግሌ ይሻላል ይለኛል፤ ግማሹ ቄስ ይሻላል ይለኛል። እርስዎስ የቱን ይላሉ?» አለቻቸው። መሪጌታ የቱንም አላሉም። ይልቅ ስለ ማር ቀማሹ ማውራት ቀጠሉ።

ይህ ሰው የሚኖረው ማር በሚበዛበት አገር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ትልቅ ገበያ በሚቆምባት ከተማ ነበር። ክረምቱ አልፎ አደይ አበባ ሲረግፍ ንብ አርቢዎች ማራቸውን በቅልና በእንስራ ይዘው ከየመንደሩ ይወርዳሉ። ገዢው «ይህ ማር ንጹሕ አይደለም» ሲል፣ ሻጩ «ከቀፎ ወርዶ ሌላ ነገር አልነካውም» ሲል፣ መጨረሻ ላይ ሁለቱም «እስቲ እሱ ይቅመሰው» ይላሉ። ሰውየው ከእንጨት የተጠረበች ቀጭን ማንኪያ ነበረችው። በጫፏ ጥቂት ጨለፍ ያደርግና ምላሱ ላይ አሳርፎ ዓይኑን ይጨፍናል። ገበያተኛው ሁሉ ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል። ከዚያ «የግራዋ ነው፤ ዳርዳሩ ይመራል» ይላል። ወይም «የገተም ዛፍ አበባ ነው፣ ከጫካ የመጣ» ይላል። ስኳር ገብቶበት እንደሆነም አይሸሽግም፤ በቀስታ፣ ሰው በማያሳፍር ድምፅ፣ «ይህን ወደ ቤት ብትመልሰው ይሻልሃል» ይላል። ከዚያ በኋላ የሚከራከር የለም። በዚያ አገር የሱ ምላስ እንደ ሚዛን ነበር።

ደግሞ ሳቂታ ነው። ሲስቅ አፉን ሞልቶ ነው። የገበያው ሰው ሳቁን ከሩቅ ሰምቶ «መጥቷል ማለት ነው» ይላል።

ከጊዜ በኋላ ታዲያ ድዱ ይደማ ጀመር። መጀመሪያ ጠዋት ጥርሱን ሲፍቅ የመፋቂያው ጫፍ ቀልቶ አየው። «መፋቂያው ጠንክሮ ይሆናል» ብሎ ለስለስ ያለ እንጨት ቆረጠ። ያም ደማ። ስለዚህ መፋቁን ጭራሽ ተወው፤ ካልነካሁት ይድናል ብሎ ነው። ድዱ ግን ሳይነኩትም አበጠ። ቀይነቱ እየጠቆረ ሄደ፤ ትኩስ ነገር ሲነካው ይለበልበዋል፤ የአፉም ጠረን ተለወጠ። ያ ሳቂታ ሰው ሲስቅ የጋቢውን ጫፍ አፉ ላይ ማድረግ ለመደ። ሰው ሲያናግረው ፊቱን ወደ ጎን ያዞራል። የማያውቁት «ኮርቷል» አሉት።

ነገሩ የተገለጠው በነጭ ማር ላይ ነው። አንዲት እናት ለልጇ ሠርግ የገዛችውን ማር እንዲያይላት አመጣችለት። ማሩ የረጋ፣ እንደ ቅቤ የነጣ ነበር። ቀመሰው፤ በጣም ወደደው፤ ሳያስበው ማንኪያዋን ለሁለተኛ ጊዜ አጠለቃት። ነጩ ማር ላይ ቀጭን የደም መስመር ቀረ። ሴትየዋ አየች። እሷ እንዳየችም እሱ አየ። የቅሉን አፍ ከድና «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ሄደች። ተሰድቦ ቢሆን ይሻለው ነበር።

ቤት ገብቶ ምሳ ሲቀርብለት ማዕዱን ገፋ አደረገው።

«ምነው? ምን ሆንህ?» አለችው ሚስቱ።

«አፌን ያመኛል።»

«እስቲ ክፈት ልየው።»

«ያመኛል አልሁ እንጂ እዪልኝ አላልሁም!»

ሚስቱ የቅጠል ነገር ከእናቷ የተማረች ሴት ናት። አልተቀየመችውም። ጓሮ ወርዳ ጦስኝ ቆረጠች፤ አፈላችው፤ ከርቤ ወቅጣ ጨው ጨምራ አጠለለችው። «ለብ ሲል ተጉመጥመጥበትና ትፋው። እናቴ አፍ ለታመመ ሰው ሁሉ የምትሰጠው ይህንን ነበር» አለችው። ከርቤው አንገፈገፈው፤ ከተፋው በኋላ ግን አፉ ውስጥ ንጹሕ ነገር ቀረ። ደስ አለው።

የልጁ ሚስት ደግሞ መድኃኒት ቤት ውስጥ የምትሠራ፣ የተማረች፣ ትሑት ልጅ ናት። አማቷ ያፈላችውን አየች፤ የሰውየውንም ሁኔታ አየች፤ በማግስቱ ሮዝ ቀለም ያለው ፈሳሽ በብልቃጥ ይዛ መጣች። አማቲቱ ብልቃጡን ወደ ብርሃን አንስታ ገላመጠችው።

«ይህ ደግሞ ምንድን ነው?»

«የአፍ መጉመጥመጫ ነው፣ እማማ። ድድ የሚያስቆጣውን ተሕዋስ ይገድላል።»

«የኔም ይገድላል፤ ስሙን ስለማላውቀው ነው እንጂ።»

ምራቷ ሳቀች። «የእርስዎ ክፉ ነው አላልሁም። ግን ልክ የለውም፤ አንድ ቀን ይወፍራል፣ አንድ ቀን ይቀጥናል። ይህ ተለክቶ የተሠራ ነው፤ ተፈትኖም የታወቀ ነው።»

«የኔስ በስንት ሰው አፍ ተፈተነ! ደግሞ በጓሮዬ የበቀለ ነው፤ ምን እንዳለበት አውቃለሁ። ይኸኛው ምን ምን እንዳለበት ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ እንጂ። ጣጣም አለው፣ አልደብቅዎትም። ብዙ ከቆዩበት ጥርስ ያጠቁራል፤ የምግብ ጣዕምም ያጠፋል። ስለዚህ የሚታዘዘው ለአጭር ጊዜ ነው።» ወደ ሰውየው ዞረች። «አባባ፣ ከሁሉ በፊት ግን የጥርስ ሐኪም ቢያይዎት ነው የሚሻለው። ሕመሙ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ...»

«እሱስ እውነቷን ነው» አለች ሚስቱ። «ለሐኪም ይታይ። እኔም ስለው ነው የከረምሁት።»

በዚህ ጊዜ ሰውየው ከመቀመጫው ብድግ አለ። «ቆይ፣ ቆይ! ሐኪሙ የት ይሄድብናል? መጀመሪያ ከሁለቱ የቱ እንደሚሻል ይለይ። እኔ ማር የምዳኝ ሰው አይደለሁም እንዴ? ይህንንም እዳኛለሁ። በፊት የቅጠሉን እይዛለሁ፤ ቀጥሎ የብልቃጡን እሞክራለሁ፤ ከዚያ ፍርዴን ትሰማላችሁ።»

ሁለቱም ሴቶች በየልባቸው እንደሚረቱ እርግጠኞች ነበሩ። ስለዚህ ተስማሙ። የሐኪሙም ነገር በዚያው ተረሳ።

የረሳው ግን እሱ አልነበረም። ሰውየው ገና ልጅ ሳለ የአባቱ ጥርስ ታሞ፣ ገበያ መሐል በጉጠት ሲነቀል አይቷል። ሰዎች አባቱን ግራና ቀኝ ይዘውት ነበር። ጥርሱ ተሰብሮ ሥሩ ቀረ። ያ ግዙፍ፣ ማንንም የማይፈራ ሰው እንደ ሕፃን ሲጮህ የሰማው ድምፅ ከጆሮው አልወጣም። ከዚያ ወዲህ ብረት ወደ አፉ ሲመጣ በሐሳቡ ባየ ቁጥር አፉን በእጁ ይከድናል። ይህንን ለሚስቱም ነግሯት አያውቅም። ለልጆቹም አላወራውም። አሁን ሚስቱና ምራቱ ስለ ቅጠልና ስለ ብልቃጥ ሲከራከሩ ልቡ ዕረፍት አገኘ፤ ክርክሩ እስካለ ድረስ ብረቱ አይመጣማ።

የቅጠሉን ጀመረ። ጠዋትና ማታ እየተጉመጠመጠ ሰነበተ። የአፉ ጠረን ተስተካከለ፤ እብጠቱም ጥቂት ቀለል አለለት። ማርም በደንብ ይቀምሳል፤ ጦስኙ ምላሱን አልጎዳውም። ሚስቱ በየደረሰችበት «አላልኋችሁም?» ትላለች። ቆይቶ ግን አንድ ቀን ቆሎ ሲበላ ደሙ መልሶ መጣ።

«አሁን ደግሞ የብልቃጡ ተራ ነው» አለ።

የብልቃጡ ቶሎ ሠራ። ደሙ ወዲያው ቀነሰ፤ ቅላቱ ደበዘዘ። ምራቱ ተደሰተች፤ አማቷ ፊት ግን ደስታዋን ለማሳየት ጨዋነቷ አልፈቀደላትም። ብልቃጡ ሲያልቅ ሌላ እንድታመጣለት ለመናት። «አባባ፣ ይበቃል፤ አሁን ለሐኪም ይታዩ» አለችው። «ገና ፍርዴን አልጨረስሁም» አላት፤ ቀጥሎም እሷ ስትከለክለው ከሌላ መድኃኒት ቤት ራሱ ገዛ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ወሬው ገበያው ውስጥ ገብቶ ነበር። ቅመም ሻጮቹ ከቅጠሉ ጋር ቆሙ። ልብስ ሰፊዎቹና የሱቅ ሰዎች ከብልቃጡ ጋር ሆኑ። አንዱ «ዘመኑ የሳይንስ ነው» ይላል፤ ሌላው «አባቶቻችን ድድ አልነበራቸውም እንዴ?» ይላል። ሰውየውን መንገድ ላይ እያስቆሙ «እህ፣ የቱ እየረታ ነው?» ይሉታል። እሱም እንደ ዳኛ ጉሮሮውን ጠርጎ የሁለቱንም ጉድለትና ብልጫ ያስረዳል። ነገሩን ወደደው። በሕመሙ እንኳ መከበር ጀመረ። በዚህ ሁሉ ሰው መካከል ግን አፉን ከፍቶ ያሳየው ለማንም አልነበረም።

ጥርሱ ውሎ አድሮ ጠቁሮ ሻይ ያደረበት ስኒ መሰለ። ያም ግድ አልሰጠው። አንድ ቀን ግን በጠዋት ጥቂት ማር ላሰና ምንም አልቀመሰም። ጣፋጭ መሆኑ እንኳ ከሩቅ እንደሚሰማ ድምፅ ሆነበት። ሌላ ጊዜ ብረት ብረት ይለዋል። «ይመለሳል» ብሎ ለማንም ሳይናገር ተቀመጠ።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ አንድ አዛውንት ገበሬ ከደጋ ወረዱ። ንብ ማርባት ከጀመሩ ብዙ ዘመናቸው ነው፤ ገበያ ውስጥ ስማቸው በክፉ ተነሥቶ አያውቅም። ማራቸውን ሊገዛ የመጣው ነጋዴ ዋጋ ለማስወረድ ብሎ «ስኳር ሳይኖርበት አይቀርም» አለ። ሽማግሌው ተቆጡ። «እስቲ እሱ ይቅመሰው» ተባለ። ሰው ተሰበሰበ።

ማር ቀማሹ ማንኪያውን አጠለቀ። ዓይኑን ጨፈነ። ምላሱ ላይ አንድ ነገር ተቀምጧል፤ ምን እንደሆነ ግን አላወቀም። አበባ የለው፣ ጫካ የለው፤ እርጥብ ነገር ብቻ ነው። ሰው ሁሉ ይጠብቃል። «ዛሬ ምላሴ አይሠራም» ማለት ይችል ነበር። እንዲህ ቢል «ታዲያ ለምን ለሐኪም አትታይም?» ይሉታል። የአበባ ጣዕም የለሽ ሆነበት፤ እንዲህ ያለ ማር ደግሞ ብዙ ጊዜ ስኳር ያለበት ነው።

«ወደ ቤት ቢመልሱት ይሻላል፣ አባቴ» አለ።

ሽማግሌው አልጮኹም። አንድ ጊዜ አፉን፣ አንድ ጊዜ ዓይኑን አዩት። «አንተ ነህ ይህን ያልከው?» አሉ። ከዚያ እንስራቸውን አህያቸው ላይ መልሰው ጫኑና በተሰበሰበው ሰው መካከል አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። ሰዉ መንገድ ለቀቀላቸው፤ ከኋላቸውም ማንሾካሾክ ተጀመረ።

ማር ቀማሹ እንደቆመ ቀረ። ማንም ያላወቀውን እሱ ያውቃል፤ ፈርዷል እንጂ አልቀመሰም። ነጋዴው ትከሻውን መታ አድርጎ ሲያመሰግነው ጭራሽ ባሰበት። እጁን አራግፎ ጥሎት ሄደ፤ መጀመሪያ በእርምጃ፣ ከዚያ በሩጫ። ሽማግሌውን ከከተማው ወጣ ብሎ ድልድዩ ጋ ደረሰባቸው።

«አባቴ፣ ይቁሙልኝ!»

ቆሙ።

«ማርዎን አልቀመስሁትም። ማለት ቀምሻለሁ፤ ግን ምላሴ ደንዝዟል። ድዴን አሞኝ መድኃኒት እጉመጠመጣለሁ፤ እሱ ጣዕሜን አጠፋው። ስኳር አለበት ያልሁት በግምት ነው።»

ሽማግሌው የአህያቸውን ገመድ እንደያዙ ወደ እሱ ዞሩ። የሚቆጡ መስሎት ነበር።

«ሐኪሙ ምን አለህ?» አሉት።

«ሐኪም ጋ አልሄድሁም።»

«ለምን?»

ይህን ጥያቄ ማንም ጠይቆት አያውቅም። የጠየቀው ሁሉ «የቱ ይሻላል?» ነው ያለው። ማር ቀማሹ አፉን ከፈተ፤ «ሚስቴና ምራቴ ገና ስላልተስማሙ» ሊል ነበር። ቃሉ አፉ ላይ ሲደርስ እሱን ራሱን አሳፈረው።

«ፈርቼ» አለ። «ብረት እፈራለሁ።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ፍርሃት ያለ ነው። እኔም ስንት ነገር እፈራለሁ። አንተ ግን ፍርሃትህን አምጥተህ የኔ ማር ላይ አስቀመጥኸው።»

ማር ቀማሹ የአህያውን ገመድ ከእጃቸው ተቀበለና ራሱ እየጎተተ ወደ ገበያው መለሳቸው። እዚያው በፈረደበት ቦታ ቆሞ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ለሰዉ ሁሉ ተናገረ፤ የእኚህ ሰው ማር በውሸት እንደተነቀፈ፣ ምላሱ እንደማይሠራ፣ እስኪድንም ድረስ እንደማይቀምስ። አንዳንዱ ሳቀበት። አንዱ ቅመም ሻጭ «እንግዲያው ቅጠሉ ረታ ማለት ነው!» ብሎ ጮኸ። ማር ቀማሹ ግን ቀጥ ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ።

«ነይ» አላት ሚስቱን፤ «ምራትሽንም ጥሪያት። ሐኪም ቤት እንሂድ። ብቻዬን ከላካችሁኝ መንገድ ላይ እመለሳለሁ።»

ሚስቱ ተጣድፋ ነጠላዋን ፈለገች፤ ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ነበር።

የጥርስ ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ሚስቱ አንድ እጁን ያዘችው። ሌላኛውን ምራቱ ያዘችለት፤ በአገሩ ወግ ነውር ቢመስልም ማንም አላሰበበትም።

«ሊነቅሉት ነው?» አለ አፉን ገና ሳይከፍት።

«ኧረ ምን በወጣው፣ አባቴ! መጀመሪያ ልየው» አለችው።

ከፈተ። ከዚያ ሁሉ ወራት በኋላ አፉን ለሰው ከፈተ። ሐኪሟ በትንሿ መስታወት አየች፤ ድዱን በቀስታ ነካካች፤ ብዙ አልቆየችም።

«ጥርስዎ ጤነኛ ነው፤ የሚነቀል የለም። ከድዱ ሥር ግን ቆሻሻ ተጠራቅሞ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል። ድዱን የሚያስቆጣው እሱ ነው። ይህ ደግሞ በመጉመጥመጥ አይወጣም። መፋቅ አለበት። ትንሽ ያምዎታል፤ ግን ይቻላል።»

ሰውየው ዓይኑን ጨፈነ። ብረቱ መጣ። ጥርሱ ላይ ሲፋቅ የሚያሰማው ድምፅ ከሕመሙ ይልቅ አስጨነቀው። ደም መጣ። የሚስቱን እጅ እስክትጮህ ድረስ ጨመቀው። ትልቁ ሕመም አሁን ይመጣል፣ አሁን ይመጣል እያለ ሲጠብቅ ሐኪሟ «ጨርሰናል፣ ይትፉ» አለችው።

«አለቀ?»

«አለቀ።»

ሐኪሟ በጨርቅ ላይ ያወጣችውን አሳየቻቸው። ቡናማ፣ ሻካራ፣ የጠጠር ፍርፋሪ የመሰለ ነገር ነው። ሚስቱ አፏን በእጇ ያዘች። «ይህ ሁሉ አፉ ውስጥ ነበር?»

ከዚያ ሁለቱ ሴቶች እኩል ተናገሩ። «እንግዲህ ዶክተር...» ሁለቱም ቆሙ። ምራት ለአማቷ ቅድሚያ ሰጠች። «ዶክተር፣ የጦስኙ ነው የሚሻለው የብልቃጡ?»

ሐኪሟ ፈገግ አለች። «ሁለቱም ረድተዋቸዋል። ብልቃጡ ይፈጥናል፤ ከቆዩበት ግን ያዩትን ጣጣ ያመጣል። የእርስዎ ቀስ ይላል፤ ምላስን ግን አይበድልም፤ ላልጠና የድድ ሕመም እንዲህ ያለ ቅጠል ደህና ያገለግላል። አሁን ድዳቸው ቁስል ስለሆነ ለጥቂት ቀን የብልቃጡን ይጠቀሙ፤ ሲሽር ያቁሙትና ከፈለጉ ወደ ቅጠሉ ይመለሱ። ብቻ ሁለታችሁም እስከ ዛሬ ድንጋይ ላይ ነበር ስታፈሱ የከረማችሁት። ከእንግዲህ ደግሞ ጥርሳቸውን በየቀኑ ያጽዱ፤ ይህን የሚተካ መጉመጥመጫ የለም።»

አማትና ምራት ተያዩና ሳቁ። ሰውየውም ሳቀ፤ ድዱን ገና እያመመው ስለነበር ሳቁ ወደ አንድ ጎን ተጣመመ፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሴቶቹ ይበልጥ ሳቁ።

ድዱ ሻረ። መጀመሪያ እብጠቱ ጎደለ፤ ከዚያ ቀለሙ ወደ ጤናው ተመለሰ። ብልቃጡን ባቆመ ጊዜ ጣዕሙ ቀስ በቀስ ይመጣ ጀመር፤ ጨው ቀድሞ መጣ፣ ከዚያ ምሬት፣ ጣፋጭ የኋላ ኋላ ነው የመጣው። አንድ ጠዋት እግሩን ወደ ደጋ አቀና። ሽማግሌው ገበሬ ደጃፋቸው ላይ ቀፎ ሲያበጁ አገኛቸው። ማር አምጥተው አቀረቡለት። ቀመሰ፤ ዓይኑን ጨፈነ፤ ብዙ ቆየ።

«መች ነው» አለ። «የመች አበባ። ከሥሩ ደግሞ ትንሽ ጦስኝ አለበት፤ ገደሉ አፋፍ ላይ የሚበቅለው።»

ሽማግሌው ቂጣ ቆርሰው አጎረሱት። በልተው፣ ተጨዋውተው፣ ተመራርቀው ተለያዩ። ቤቱ ሲመለስ ሚስቱና ምራቱ በሌላ ነገር እየተከራከሩ አገኛቸው፤ አሁን ደግሞ መፋቂያ ይሻላል ብሩሽ በሚለው ነው። ሁለቱንም አዳመጠና «እንደፈለጋችሁ! እኔ ግን አፌን ላሳይ ሄጃለሁ፤ ቀጠሮዬ ዛሬ ነው» ብሏቸው ወጣ።

መሪጌታ ሐዲስ እዚህ ላይ አቆሙና ወደ ጥሩአየሁ ዞሩ።

«ልጄ፣ ሽማግሌ ጥሩ ነው። የንስሐ አባትም ጥሩ ነው። ሽማግሌው ነገሩን በወግ ይይዝልሻል፤ የንስሐ አባት ልብን ያለዝባል። ሁለቱም ስንቱን ቤት ሲያስታርቁ አይቻለሁ። ሁለቱም ግን መጉመጥመጫ ናቸው። አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ወንድምሽ የተቀየመሽ በምንድን ነው?»

ጥሩአየሁ «በርስቱ ነገር ይመስለኛል» አለች።

«ይመስለኛል አልሽ። አልጠየቅሽውም?»

«አልጠየቅሁትም።»

«ለምን?»

እጆቿን እያሻሸች ወደ መሬት አየች። «ምን እንደሚለኝ ፈርቼ፣ የኔታ። እውነት ቢኖረውስ?»

መሪጌታ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እንግዲህ ማር ቀማሹ አንቺ ነሽ። ሽማግሌ ይሻላል ቄስ እያልሽ አገሩን ሁሉ ስትጠይቂ የከረምሽው ከዚያች አንዲት ቃል ለመሸሽ ነው። ሰውም ጥያቄሽን ወዶታል፤ የሚከራከርበት አገኘ። ወንድምሽ ልብ ውስጥ ያለው ግን እየጠጠረ ነው። በላዩ የሽማግሌ ቃል ብታፈሺበት ለጊዜው ቀለል ይላል፤ የቄስ ቃልም ብታፈሺበት እንዲሁ ነው፤ ከዚያ አንድ ቀን በትንሽ ነገር መልሶ ይደማል። ስለዚህ ሂጂና ፊቱ ተቀመጪ። በምን አስቀየምሁህ በዪው፤ የሚልሽንም ሳታቋርጪ ስሚው። ያምሻል፤ ግን ይቻላል። ድንጋዩ ከወጣ በኋላ የሚያሽረውን ሰው አብረን እንመርጣለን፤ ያን ጊዜ ማንም ቢመጣ ይሆናል። ዛሬ የጠየቅሽኝ መጥፎ ጥያቄ አይደለም፣ ልጄ፤ ግን ሁለተኛው ጥያቄ ነው። የመጀመሪያውን የምትጠይቂው እኔን ሳይሆን ወንድምሽን ነው።»